ከማማው ሥር የደረቀው መሬት

ጋሽ ውቤ ከወፍ መመልከቻው ማማ ሥር በደረታቸው ተደፍተው ተገኙ። ዕለቱ፣ በባሮ ዳር ያቋቋሙትን የተፈጥሮ ትምህርት ማዕከል ለሆቴል ከመወሰድ ለማዳን ገንዘብ የሚሰበሰብበት ነበር። ድንኳኑ ተተክሏል፤ እንግዶቹ ግን ሞት መኖሩን ሲሰሙ ከበር ተመልሰዋል።

ኢንስፔክተር ኛሩአች ስትደርስ የጠዋቱ ዶፍ አባርቷል። ልጇ የወፎችን ስም የተማረችው እዚሁ ነበርና ሬሳውን ደፍራ ማየት አቃታት።

«መሰላሉ ረጥቦ አንሸራትቷቸው ነው» አለ አብኔር፣ የጋሽ ውቤ ተማሪ የነበረው የባዮሎጂ መምህር። «ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቤቴ መጣሁ። በር ላይ ሰላም ብለውኝ ወደ ማማው ሄዱ።»

የአብኔር ሸሚዝ ረጥቦ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል።

«ማዕከሉስ እንዴት ይሆናል?» አለችው ኛሩአች።

«እኔ እንኳ አልተወውም።»

የዝግጅቱ አስተባባሪ የሆነችው ነርስ ቤዛ ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። «ከማለዳ ጀምሮ ጤና ጣቢያ ነበርኩ፤ ዝናቡንም እዚያው ከታካሚዎች ጋር ተጠልዬ አሳለፍኩት። ሲያባራ በባጃጅ መጣሁና ወድቀው አገኘኋቸው።»

ተማሪዎችን በጀልባ የሚያሻግረው ኦጆት ጠዋቱን ማዶ ከዓሣ አጥማጆች ጋር ነበር። «ትናንት ጋሽ ውቤ ‹ኦጆት፣ ሌላ ሥራ ፈልግ› አሉኝ» አለ። «እኔ ቀልድ መሰለኝ።»

ኛሩአች ለጤና ጣቢያውና ለዓሣ አጥማጆቹ አስደውላ የሁለቱን ቃል አረጋገጠች። ሬሳው ሲነሳ ተንበርክካ ሥሩን ዳሰሰች። ከዚያ ማማው ላይ ወጥታ ወረደችና ሦስቱንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መሰላሉ ያለው በበሩ በኩል ነው፤ ጋሽ ውቤ የወደቁት በወንዙ በኩል» አለች። «ስለዚህ የወደቁት ከመሰላሉ ሳይሆን ከላይ ነው። እዚያ ደግሞ አጥሩ ከወገቤ በላይ ይመጣል፤ ሰው ካልገፋ በቀር አያስወድቅም።»

«ማን ይገፋቸዋል?» አለች ቤዛ።

«የጋሽ ውቤ ጀርባ በዝናብ ርሷል። የተኙበት መሬት ግን አቧራ ነው። የሞቱት ከዝናቡ በፊት ነው ማለት ነው። አብኔር ግን ከዝናቡ በኋላ ሰላም አሉኝ ይላል። ካባራ በኋላ ከቤቱ የመጣ ሰው ደግሞ ሸሚዙ እንዲህ አይበሰብስም።»

አብኔር አንገቱን ደፋ።

«ኦጆትን ሌላ ሥራ ፈልግ ያሉት ተስፋ ቆርጠው ነው። አንተም ‹እኔ እንኳ አልተወውም› አልከኝ። ሌላ ማን ተወው? መተዋቸውን ለአንተም ነግረውህ ነበር።»



«‹ተሸነፍን አብኔር፤ ዛሬ ለእንግዶቹ መዝጋታችንን እነግራቸዋለሁ› አሉኝ» አለ አብኔር። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። እምቢ ሲሉኝ ገፋኋቸው። ከዚያ ሮጥኩ፤ ዝናቡ መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ሲያባራ ተመለስኩ። እኔ እኮ... እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

«ማን ነው ከእንግዲህ የሚረዳን?» አለች ቤዛ። «ሰው የተገደለበት ቦታ ማን ልጁን ይልካል?»

ኛሩአች የራሷን ልጅ አሰበች። አብኔርን ይዛ ስትወጣ ማዶ ተማሪዎች ደርሰው ለኦጆት እጃቸውን ያውለበልቡ ነበር።

ኦጆት ቤዛን ዞር ብሎ አያት። ቤዛ «አይሆንም» እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ጀልባውን እስከ ዳገቱ ጎተተና ገለበጠው። ልጆቹ አሁንም ያውለበልባሉ።