የብርንዶው ጀግና

መቶ አለቃ ሀይሉ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ የሰባት ሰው ቃል ጻፈ። ሬሳውን በሩቁ ያየውን ሰካራም ሳይቀር ጻፈ። ሟቹን ከዳዴ ጀምረው ያሳደጉትን፣ ሦስት ጊዜ የዳሩትን አክስቱን እሜቴ እማዋይሽን ግን አልጻፈም።

«እማማ፣ መፈረም ይችላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው።

«አልችልም።»

«መሠረተ ትምህርት አልገቡም?»

«ገብቼ ነበር። የሚያስተምረኝ ልጅ ጥጃና ጊደር አይለይም። ትቼው ወጣሁ።»

«እንግዲያ እርስዎ ይረፉ» አለና ደብተሩን ዘጋ።

እርሳቸውም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አላረፉም።

ዘመኑ ሰባ ስድስት ነው፤ ወሩ ጥር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ጓድ ቢሰጥ ገደፋው፣ ቅዳሜ ማለዳ አልጋው ላይ ደርቆ ተገኘ። ከራስጌው አተላው ብቻ የቀረበት የኮሶ ጣሳ ነበር። ጣሳው የተባይ መድኃኒት ይሸታል። ያገኘው ቸኮለ ነው፤ የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ፣ ሟቹ በተናገረ ቁጥር ቀድሞ የሚያጨበጭብ።

«ዓርብ ማታ ኮሶ ታየኝ ብሎ ከሲሳይነሽ የገዛውን ሲጠጣ ተለይቼው ሄድሁ» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ሲሳይነሽ የሟቹ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ቡሬ ገበያ ኮሶና እንቆቆ ትሸጣለች። ሲፈታት መሬቷን ለራሱ ስላስቀረው ቂም አላት ተባለ። ለመቶ አለቃው ይኸ በቂው ነበር፤ በዚያው ቅዳሜ ቀትር ላይ ከገበያው መሃል እጇን በገመድ አስሮ ነዳት። ሰኞ ወደ ፍኖተ ሰላም ልትጫን ነው። በዚያ ዘመን ሊቀመንበር ገደለ ተብሎ የተጫነ ሰው ደግሞ ተመልሶ አይታይም።

እሜቴ እማዋይሽ ምርኩዛቸውን ይዘው እስር ቤት ወረዱ። ዘበኛው ሊከለክላቸው ሲል የእናቱን ስም ጠርተው ዝም አሰኙትና ገቡ።

«ገድለሽዋል?»

«እማማ፣ ለመግደልማ አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። ያኔ አልገደልሁትም።»

«ኮሶ ሸጠሽለታል?»

ሲሳይነሽ በታሰረችበት ሳቀች። «ለቢሰጥ? ምኑን ሊያሽርበት?»

«ምን ትያለሽ አንች? እንደሱ ያለ ብርንዶ በሊታ የት አለ? ሐሙስ ዕለት እንኳ ማኅበሩ በሬ ጥሎ፣ ከሻኛው እየቆረጠ ሲጎርስ አገር አጨበጨበለት። እኔም አይቻለሁ።»

«ሲጎርስ አዩ። ሲውጥስ አይተዋል?»

እሜቴ ምርኩዛቸውን ተክለው ጠጋ አሉ።

«ጋቢውን ያጠብሁት እኔ ነኝ። አፉን የሚጠርግ መስሎ ጫፉ ላይ ይተፋና ይቋጥረዋል፤ ሲመቸው ለውሻ ይጥላል። አንድ ቀን ሳት ብሎት ቢውጥ ሦስት ቀን አስመለሰው። ኮሶማ ጎረቤት ሲወቀጥ ሽታው ሲመጣ እንኳ አፍንጫውን ይዞ ከቤት ይወጣል።»

«ይኸን ለመቶ አለቃው ለምን አልነገርሽውም?»

«ነገርሁት እንጂ። ‹ጓድ ሊቀመንበሩን አትሳደቢ› አለኝ።»

እሜቴ ሲወጡ ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። ሞቱ አይደለም ያናደዳቸው። ‹የእኔ ልጅ ብርንዶ ሲበላ› እያሉ ሃያ ዓመት መፎከራቸው ነው።

ሁለተኛዋ ሚስት ንግሥቴ፣ ቡሬ ጠላ ትሸጣለች። እሜቴ ስለ ጋቢው ሳያነሡ፣ «ቢሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» አሏት።

«ሰነፍ። የጠጣበትን መለኪያ አጥቦ አያውቅም። አንድ ጊዜ ታምሜ ብተኛ፣ ዕቃው ሁሉ አድፎ እስኪያልቅ ድረስ ከጎረቤት እየተዋሰ ጠጣ።»

«ሥጋስ ይወድ ነበር?»

ንግሥቴ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። «የጋቢው ነገር ለእርስዎም ደረሰ?»

ሦስተኛዋ ታንጉት፣ ከአዊ የመጣች፣ ባለፈው ዓመት ጥላው ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ናት። እርሷ ደግሞ ጎመን እየቀነጠሰች፣ ቀና ሳትል መለሰች።

«ፈሪ። አረቄ ብቻውን አይጠጣም፤ የሚያደንቀው ሰው ከፊቱ መቀመጥ አለበት። ማድነቁ ሲሰለቸኝ ቸኮለን ማስጠራት ጀመረ። ሥጋውማ እንደሆነ ስንት ጋቢ አበላሸብኝ።»

እሜቴ በመጨረሻ ወደ ሟቹ ቤት ገቡ። ሴት የሌለበት ቤት ስለሆነ ሳህኑ፣ ድስቱ፣ ጣሳው ዝንብ ለብሷል። መደርደሪያው ላይ ግን ሁለት የአረቄ መለኪያዎች ተለቅልቀው፣ አፋቸው ተደፍቶ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጋቢ አወረዱ። አንዱ ጫፍ ተቋጥሯል። አሸተቱትና ጠቅልለው በብብታቸው ያዙት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ሲሳይነሽ እንደታሰረች ቆማለች። መቶ አለቃው መዝገቡን አንብቦ ሊዘጋ ሲል እሜቴ ተነሡ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ። ቸኮለ፣ ኮሶውን ሲጠጣ አይተኸዋል ወይስ ሰምተህ ነው?»

«በዓይኔ ነው እትዬ። ወንድ አይደል፣ እስከ አተላው ጨለጠው።»

«ፊቱን አላጨማደደም?»

«ቢሰጥ? ንቅንቅ አላለም።»

«መልካም» አሉና ጋቢውን መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ ጣሉት። «ፍታው።»

መቶ አለቃው ቋጠሮውን ፈታና በመሃረብ አፍንጫውን ያዘ። ከሦስት ቀን በፊት የታረደ ሥጋ ነበር፤ የጥርስ ምልክት አለበት።

«ሐሙስ በላ የተባለው ይኸ ነው» አሉ እሜቴ። «ካልዋጡት ሥጋ ኮሶ አይይዝም፤ ያልያዘውም ሰው ኮሶ አይጠጣም። ይኸን ሦስቱ ሚስቶቹ ያውቃሉ። ከነሱ አንዷ ብትገድለው በጠላ ትገድለዋለች፣ በወጥ ትገድለዋለች፤ ኮሶ ግን በሐሳቧም አይመጣም። ጣሳውን ከራስጌው ያኖረ ሰው ቢሰጥን ከአደባባይ እንጂ ከጓዳ የማያውቅ ነው።»

«እማማ፣ ከአደባባይማ አገሩ ሁሉ ያውቀዋል» አለ መቶ አለቃው።

«አገሩ ሁሉ አረቄ አብሮት አይጠጣም። መደርደሪያው ላይ ሁለት መለኪያ ታጥቦ ተደፍቷል። ቢሰጥ በዕድሜው መለኪያ አጥቦ አያውቅም፤ ንግሥቴን ጠይቃት። ያጠበው እንግዳው ነው። መርዙ የገባው በአረቄው ነውና አጠበው። ጣሳው ላይ ደግሞ ያንኑ መርዝ ጠብ አድርጎ ወንጀሉን ለሲሳይነሽ ተወላት። ማታ ማታ አብሮት የሚጠጣው ማን እንደሆነ ታንጉት ትንገርህ። የተባይ መድኃኒቱስ ከማኅበሩ መጋዘን በቀር የት ይገኛል? ቁልፉ የማን ወገብ ላይ ነው?»

ሰው ሁሉ ዞሮ የቸኮለን ወገብ አየ።

«ያው ሰው አሁን በፊታችሁ፣ ያልተጠጣ ኮሶ ሲጠጣ በዓይኔ አየሁ አለ።»

ቸኮለ መሬት ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን እያየ፣ «አንድ ልጅ ነው ያለኝ» አለ። ሊቀመንበሩ ያወጣው የውትድርና ስም ዝርዝር ረቡዕ ዕለት መለጠፉን ሁሉም ያውቃል። «ስሙን ፋቅልኝ ብዬ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹ወንድ ልጁን አይደብቅም› ብሎ ሳቀብኝ። ሰባት ዓመት ያጨበጨብሁት… ለዚህ ነው?» በጣቱ ወደ በሰበሰው ሥጋ ጠቆመ።

«ለልጅህ ብለህ ገደልህ እንበል» አሉ እሜቴ። «ሲሳይነሽን ያሳሰርሃት ለማን ብለህ ነው?»

ቸኮለ የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቡ ፈትቶ መሬት ላይ አኖረው።

መቶ አለቃው ቸኮለን አስነሥቶ ለዘበኛው አስረከበ። የሲሳይነሽን እጅ በራሱ ፈታና ገመዱን ጠረጴዛው ሥር ሊወረውር ሲል የእሜቴን ዓይን አየ። ደብተሩን ገለጠ፤ የቀለም ዕቃውንም ወደ እርሳቸው ገፋ አደረገ።

«እማማ፣ ቃልዎን ልጻፍ። በጣትዎ ይፈርማሉ።»

«ገመዱን አትጣለው» አሉት። «ሲሳይነሽን በቅዳሜ ገበያ መሃል አስረህ ነድተሃታል። እስከሚመጣው ቅዳሜ እዚሁ ትቆያለህ። ገበያው ጢም ሲል እሷ ከፊት፣ አንተ ከኋላ፣ ገመዱን በትከሻህ አንግተህ ኮሶ የምትሸጥበት ቦታዋ ድረስ ታደርሳታለህ። ማን እንደገደለ የጠየቀህን ሁሉ እየቆምህ ትነግራለህ። ከዚያ ወዲያ ደብተርህን ይዘህ ቤቴ ና። ጣቴ የትም አይሄድም።»