ስም የሚጠራው በራሪ

ሲናሜ የመረብ ከረጢቷን ማንገቻ ግንባሯ ላይ አጥብቃ፣ የጎደሬውን ሸክም ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ከመንደሩ አጥር ወጣች። ሴቶቹ ከየደጃፋቸው ቆመው አዩዋት። ምን ሊሏት እንደፈለጉ ሳይናገሩም ታውቀዋለች። ባልሽ ከሄደ ስንት ዝናብ አለፈ፣ መቼ ነው ፊትሽን ጭቃ ተቀብተሽ የምታለቅሺው፣ እስከ መቼ ስሙን ትጠሪያለሽ ነው ነገሩ።

እሷ ግን ትጠራዋለች። ጃፓኖች ታምባይን ሩዝና ጥይት ሊያሸክሙት ከሌሎች ወንዶች ጋር ነድተው ከወሰዱት ወዲህ፣ ስሙን ሳትጠራ የዋለችበት ቀን የለም። በእነሱ ተራራ የሞተ ሰው ስም አይጠራም፤ የጠራ ሰው ሟቹን ካረፈበት ቀስቅሶ ወደ መንደር ያመጣዋል። ስለዚህ ስሙ የሚጠራ ሰው በሕይወት ያለ ነው። ሲናሜ አፏን የዘጋች ቀን ባሏን በገዛ እጇ ቀበረችው ማለት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ልቧ አልቆረጠም።

ከፊቷ የባሏ ታላቅ ወንድም ጎዊ አንድ ቀጭን ነጭ ሰውዬ ደግፎ ዳገቱን ይወጣል። ነጩ ዴል ይባላል፤ የአሜሪካኖች ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተኳሽ ነበር። ባለ አራት ሞተሩ አውሮፕላን ደመና ተራራውን በሸፈነበት ጠዋት መጥቶ ከላይኛው ሸንተረር ጋር ተላተመ። ለተራራው ሰው ይህ አዲስ ነገር አልነበረም። አውሮፕላኖቹ አሜሪካኖች ከሰፈሩበት ከራሙ ሸለቆ ተነስተው ጃፓኖች የያዙትን የባሕር ዳርቻ ሊደበድቡ በጠዋት ተግተልትለው ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ሰልፉ ሳስቶ ይመጣል። የጎደሉት ግማሾቹ ባሕር ውስጥ፣ ግማሾቹ እዚሁ ጫካ ውስጥ ቀርተዋል። ጫካው አንዴ ከዘጋባቸው ማንም አያገኛቸውም።

ዴል አውሮፕላኑ ሊላተም ሲል ዘሎ ነበር፤ ያገኙት በጃንጥላው ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነው። ግራ እጁ ተሰብሮ፣ ሰውነቱ በትኩሳት ይነድ ነበር። ሲናሜ ቤት አስተኙት። እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ስም ይጠራ ጀመር። «ሆሊስ» ይላል፣ ይጠብቃል። «ፔትሪ» ይላል፣ ይጠብቃል። «ማካዳም» ይላል፣ አሁንም ይጠብቃል።

የመንደሩ ሰው ይህን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ ተነሳ። ስማቸውን ከጠራ ጓደኞቹ አልሞቱም፤ የሆነ ቦታ ወድቀው ሰው ይጠብቃሉ። ወንዶቹ አልቅት በሞላው ጫካ ውስጥ ሆሊስ፣ ፔትሪ፣ ማካዳም እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ ሲጣሩ ሰነበቱ። በመጨረሻ አውሮፕላኑን አገኙት። ሰዎቹ ሁሉ እዚያው መቀመጫቸው ላይ ነበሩ፤ አውሮፕላኑ ከወደቀባት ደቂቃ ጀምሮ ሙታን ነበሩ። ወንዶቹ ያን ያህል ጊዜ በገዛ አፋቸው ሙት ሲጠሩ እንደከረሙ ሲገባቸው ወደ መንደር እየሮጡ ተመለሱ። ሽማግሌዎቹም ጊዜ አልፈጁም።

«ይሄ ሰው ከዚህ ይውጣ» አሉ። «ሙት የሚጠራ ሰው ልጆቻችን መሃል አያድርም።»

ጎዊ በወጣትነቱ በባሕሩ ዳርቻ ነጮች እርሻ ላይ ሠርቶ ሠራተኛው ሁሉ የሚግባባበትን የወደብ ቋንቋ ለምዷልና፣ ሰውዬውን ሸለቆው ውስጥ ወዳለው የአውሮፕላን ሜዳ የማድረሱ ነገር እሱ ላይ ወደቀ። ሲናሜን ማንም አላዘዛትም። ከጃፓኖች ያመለጡ ተሸካሚዎች እዚያ እንዳሉ ወሬ ሰምታለች፤ ታምባይን የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም ብላ ተነሳች።

«ዋርሳዬ፣ ተመለሺ» አላት ጎዊ ዳገቱ መሃል ቆሞ። «ይሄን የተሰበረ እንጨት ይዤ አንቺንም ልጠብቅ ነው እንዴ?»

«አንተ ማንን ትጠብቃለህ? ጎደሬውን የተሸከምኩት እኔ። ሲርብህ ትጠብቀኛለህ።»

ጎዊ አጉረመረመና መንገዱን ቀጠለ። ዴል ምን እንደተባባሉ ባይገባውም ፈገግ አለ። ሲስቅ የልጅ ፊት ነበረው።

ከሰዓት በኋላ ጉም ወዳለበት ከፍታ ደረሱ። ዛፎቹ ከሥር እስከ ጫፍ በአረንጓዴ ሽበት ተሸፍነዋል፤ የረገጡት ሁሉ ይሰምጣል። ዝናቡ ከጎን እየገረፈ መጣ፣ ከዚያ በረዶ የሚመስል ብርድ ተከተለው። ጎዊ ከሙዝ ቅጠል መጠለያ ሠራ፤ ሦስቱም ተጠጋግተው ተቀመጡ። ዴል ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ መጥራት ጀመረ።

«አስቁሚው» አለ ጎዊ ፊቱን አዙሮ። «ሰዎቹ የሞቱት እዚሁ አጠገባችን ነው። ይሰሙታል።»

ሲናሜ አላስቆመችውም። ሰውዬው ከእያንዳንዱ ስም በኋላ ጆሮውን ወደ ጉሙ ሲያዘነብል እያየች ነበር። ያንን ማዘንበል ታውቀዋለች። እሷም ጠዋት ጠዋት «ታምባይ» ካለች በኋላ ወደ መንገዱ በኩል እንደዚያው ታደርጋለች። አሁንም ባሏን ጠራችው፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ ብቻ።

በማግስቱ ገደሉን የሚያሻግረው የሐረግ ድልድይ ጋ ሲደርሱ ድልድዩ አልነበረም። ጎርፉ አንዱን ጫፍ በጥሶ ወስዶታል፤ የቀረው ሐረግ በማዶው ድንጋይ ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከሥሩ ውሃው ግንድ እየነቀለ ይጮኻል።

«የታችኛው ጫካ ብቻ ነው ያለን» አለ ጎዊ። «የሙሩክ አገር ነው።»

«ሙሩክ ወፍ ነው» አለችው።

«ወፍ ነው። በአንድ ምት አንጀትሽን የሚያወጣ ወፍ ነው።»

ገደሉን ተንሸራተው ወረዱ፤ ጎዊ ዴልን በሐረግ ወገቡ ላይ አስሮ እያወረደ፣ ሲናሜ ከታች እግሩን ይዛ ድንጋይ ላይ እያስቀመጠች። ወንዙን ሰፋ ብሎ በረጋበት ቦታ እስከ ደረታቸው ገብተው ተሻገሩ። ከዚያ ወደ ጨለማው ጫካ ዘለቁ፤ ጫካው ሙቀት፣ የበሰበሰ ፍሬ ሽታና የነፍሳት ጩኸት ነበር።

መጀመሪያ ያየችው ጫጩቶቹን ነው። ባለ መስመር ጫጩቶች ከመንገዱ ዳር ፍሬ ይለቅማሉ። ሲናሜ የጎዊን ክንድ ያዘች፤ ግን ዘግይታ ነበር። አባትየው ሙሩክ ከቁጥቋጦው እየደረማመሰ ወጣ፤ ከሰው የሚረዝም፣ ጥቁር ላባው የቆመ፣ አንገቱ ሰማያዊ። ዘሎ ሁለት እግሩን ወደ ፊት ወረወረ። ጎዊ ወደ ጎን ቢፈነገልም ጥፍሩ ጭኑን ሸረከተው። ወፉ እንደገና ሊዘል ሲያጎነብስ ሲናሜ የጎደሬ ከረጢቷን አዙራ ፊቱ ላይ ወረወረችበት። በዚያች ቅጽበት ተኩስ ተሰማ። ዴል ከወገቡ ያወጣውን ሽጉጥ በቀኝ እጁ ወደ ሰማይ ይዞ ቆሟል። ሙሩኩ ደንግጦ ጫጩቶቹን እየነዳ ጠፋ።

«ጎበዝ» አለ ጎዊ ደሙን በእጁ አፍኖ። ቀጥሎ ፊቱ ተለወጠ። «ሸለቆው ሁሉ ሰማን እኮ።»

እውነቱን ነበር። ሲናሜ ቁስሉን በቅጠልና በልጥ አስራ ሳትጨርስ ከላይ በኩል የቅርንጫፍ መሰበር ሰሙ። ከሠራዊታቸው ተነጥለው በጫካው የሚንከራተቱ ጃፓኖች እንዳሉ ሁሉም ያውቃል፤ ጓሮ ይዘርፋሉ፣ ነጭ ሲያገኙ ይገድላሉ። ሦስቱም በአንድ ትልቅ ዛፍ ሥሮች መካከል ተወሸቁ። ሲናሜ ዴልን በደረቷ ይዛው ተኛች። ትኩሳቱ ተመልሶበት ነበር፤ ዓይኑ ተገልብጧል። ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሆ...» አለ።

አፉን በመዳፏ ዘጋች። ስሙ መዳፏ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። ከሱ ጋር መታገል እንደማትችል ገባት፤ ሰዎቹ ደግሞ እየቀረቡ ነበር።

«ያዘው» አለችው ጎዊን በሹክሹክታ። «እኔ ስወጣ በወንዙ በኩል ሂዱ።»

«አብደሻል? የታምባይን ሚስት ለነሱ ሰጥቼ...»

«እኔ ሴት ነኝ፣ ጎደሬ የያዝኩ። እሱ ግን ነጭ ነው። ተንቀሳቀስ በቃ።»

ከረጢቷን አንስታ ከሥሮቹ ወጣችና እያዜመች፣ ከጓሮዋ እንደምትመለስ ሴት፣ ወደ ድምፁ አቅጣጫ ሄደች። ወታደሮቹ ፊት ለፊቷ ተደቀኑ። ልብሳቸው ተበጫጭቋል፣ አጥንታቸው ይቆጠራል፤ አንዱ በጠመንጃው ተመርኩዞ ነው የቆመው። ጠመንጃ ደረቷ ላይ ደገኑ። እሷም ከረጢቱን መሬት ላይ ዘርግታ ጎደሬውን አፈሰሰችላቸው። ጥሬውን ቆረጠሙት። ሲበሉ ማንም ወደ እሷ አላየም።

መሄድ ትችል ነበር። ጎዊና ዴል ርቀዋል። እግሯ ግን እንቢ አላት፤ እነዚህ ናቸው የወሰዱት።

«ታምባይ» አለቻቸው። ትከሻዋን እየነካች ሸክም አሳየቻቸው፣ ጆሮዋን ይዛ የእሱ የተቀደደ እንደሆነ አሳየቻቸው፤ ባሏን በልጅነቱ አሳማ ጆሮውን ነክሶት ነበር። «ታምባይ?»

በጠመንጃው የተመረኮዘው ወታደር ቀና ብሎ ረጅም ጊዜ አያት። ምናልባት የእሱም እናት የሆነ ቦታ እንዲህ እየጠየቀች ይሆናል። ራሱን ነቀነቀና በእጁ ሂጂ አላት። ሲናሜ ወደ ወንዙ እየሮጠች ወረደች፤ ቆማ ያለቀሰችው ጎዊን ካገኘች በኋላ ነው። ጎዊ ዴልን ወደ ትከሻው ሰቅሎ እያነከሰ ከፊቷ ሄደ።

ከጫካው ሲወጡ ሸለቆው ተዘረጋ፤ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር፣ ከሣሩ ማዶ ደግሞ ጠፍጣፋው ሜዳና ድንኳኖቹ። አሜሪካኖቹ እየሮጡ መጥተው ዴልን ከጎዊ ትከሻ ተቀበሉት። አንዱ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ እየደጋገመ ያየው ነበር፤ ሞተ ተብሎ የነበረ ሰው ነዋ። ሐኪሞቹ እጁን ሲያስሩለትና መርፌ ሲወጉት ሲናሜና ጎዊ ከድንኳኑ ደጃፍ ቁጭ አሉ። ሩዝና የታሸገ ሥጋ ሰጧቸው።

ሲናሜ አልበላችም። የተሸካሚዎቹ አለቃ ማሩም የሚባል ከባሕሩ ዳርቻ የመጣ ፖሊስ ነበር፤ ሲያልፍ አይታ ተነሳችና መንገዱን ዘጋችው። ጎዊ አስተረጎመላት።

«ባሌን እፈልጋለሁ። ታምባይ ይባላል። ከላይኛው ተራራ ነው፣ ጆሮው የተቀደደ። ጃፓኖች ናቸው የወሰዱት።»

ማሩም ባርኔጣውን አወለቀ።

«ከነሱ አምልጦ መጣ» አለ። «እዚህ ከእኔ ጋር ሠርቷል። ቁስለኛ ተሸካሚ ነበር፣ ጠንካራ ሰው። ሁልጊዜ ቤቴ ቤቴ ይል ነበር። ሚስቴ ምላሷ ስለት ነው እያለ ያስቀን ነበር።»

«እና የት ነው?»

«ያ ሰው...» አለ ማሩም፣ ዝም አለ።

«ስሙን ጥራልኝ።»

«እህቴ፣ ተይኝ።»

«ታምባይ እዚህ አለ በለኝ። ስሙን ብቻ ጥራልኝ።»

ማሩም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የእሱም ሰዎች የሙት ስም አይጠሩም። ጎዊ ቁጭ ባለበት ራሱን በጉልበቶቹ መሃል ቀበረ። በሆድ ቁርጠት በሽታ ነው አለ ማሩም ቆይቶ፤ ተራራ ለመውጣት ጥቂት ጉልበት እስኪያገኝ እየጠበቀ ነበር። ሲናሜ የሰማችው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ዝምታ ነው።

አመሻሹ ላይ የሜዳው ሰዎች ከድንኳናቸው እየወጡ በአውሮፕላን ማረፊያው ዳር ቆሙ። አንገታቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው የሞተር ድምፅ ይጠብቃሉ። አንድ ቦምብ ጣይ መጣ፣ ሌላ ተከተለ፣ ከዚያ ጥቂት ሌሎች። ከዚያ ሰማዩ ጸጥ አለ። ሰዎቹ ግን ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ጨለማው እስኪያግዳቸው ድረስ ወደዚያው ያዩ ነበር። ሲናሜ መንደሯ ውስጥ እንዲህ የምትቆመው እሷ ብቻ ነበረች።

ዴል እጁ ታስሮ፣ ራሱን አውቆ ከድንኳኑ ወጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ማሩም የሆነውን ነገረው።

«ማሩም ይጠይቀው» አለችው ሲናሜ ጎዊን። «የሞቱ ጓደኞቹን ለምንድነው የሚጠራቸው?»

ዴል ጣቶቹን እያየ መለሰ፤ ማሩምና ጎዊ ተቀባብለው አስተረጎሙት። «እዚያ ላይ ሲበሩ አየሩ ይሳሳል፣ ሰው ሳያውቀው ይተኛል፣ ይሞታል። የእሱ ሥራ በየጊዜው ሁሉንም በየስማቸው መጥራት ነበር። መልስ ያልሰጠ ካለ ተነስቶ ይደርስለታል። አሁንም ሲጠራቸው የሚመልስለት ይመስለዋል።»

ሲናሜ አሰበች። እሷ ከዛሬ ወዲያ ያንን ስም በአፏ ማንሳት አትችልም፤ አንዴ እንኳ፣ በሕልሟም ቢሆን። ይህ ሰው ግን ይችላል። የእሱ ሰዎች አይፈሩም።

«የኔንም ይጥራልኝ በለው» አለች። «ከነሱ ጋር።»

ጎዊ ቀና አለ፤ ሊከለክላት አፉን ከፈተ፣ ተወውና ያለችውን ለማሩም አስተላለፈ።

ዴል ተነስቶ ቆመ። ወደ ተራራው ዞረና ጠራ። ሆሊስን ጠርቶ ጠበቀ። ፔትሪን ጠርቶ ጠበቀ። ማካዳምንና የቀሩትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ፣ እየጠበቀ ጠራቸው። ከዚያ እሷን አየት አድርጎ፣ ቤቷ ተኝቶ ጠዋት ጠዋት ከአፏ ሲሰማው የሰነበተውን ቃል በባዕድ አፉ እያስተካከለ፣ «ታምባይ» አለ።

ለእሱም ጠበቀለት። ለጓደኞቹ ከጠበቀው አሳጥሮ አልጠበቀም፤ ጆሮውን ወደ ጨለማው ተራራ አዘንብሎ ቆመ፣ ሲናሜም አብራው አዘነበለች። የመለሰ አልነበረም። እሷም ተንበርክካ የመኪና ጎማ ከቆፈረው መሬት እርጥብ ጭቃ በሁለት እጇ አፈሰች፣ ፊቷን ሸፈነች፣ ጮክ ብላም አለቀሰችው።