አራት ጣት

«ተርትሪው» አለች እናቷ፤ ምላጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ዘረጋችላት። «ዙሪያውን። ክሩን ብቻ፤ ጨርቁን እንዳትነኪ።»

ሜትሮ ምላጩን ተቀበለች እንጂ አልጀመረችም። ሰማያዊው ቀሚስ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ የደንበኞች ጨርቅ በሚለካበት ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። ግራ ጎኑ እስከ ወገቡ ድረስ ተቀድዷል። ጀርባው የደረቀ ጭቃ ለብሷል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ መድረስ አለበት፤ መርማሪዋ «የዕለቱን ልብስ እንዳለ አምጡ፤ እንዳታጥቡት» ብላለች። አሁን ሰባት ተኩል ሆኗል።

የቀሚሱ ባለቤት ታላቅ እህቷ ናት። ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ሆና ትሠራለች፤ ትሠራ ነበር ቢባል ሳይሻል አይቀርም፤ ትናንት ደውለው «ነገሩ እስኪበርድ ቤትሽ ዕረፊ» ብለዋታል። አርብ ከሥራ ወጥታ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ሳለች ሦስት ጎረምሶች አለባበሷን ምክንያት አድርገው ነገር ጀመሯት። መጀመሪያ ሳቅ ነበር፣ ቀጥሎ ስድብ፣ ቀጥሎ እጅ። አንደኛው ቀሚሷን ጎትቶ ቀደደው፤ ስትታገለው ወደቀችና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሰልፉ ላይ ሃያ ሰው ነበር። ተራውን ትቶ የረዳት ግን አልነበረም። ዝናብ ስለነበር ስልክ አውጥቶ የቀረጸም የለም፤ ወሬ ግን ዝናብ አይፈራም።

ከሦስቱ አንዱ ተይዟል። «ራቁቷን ነበረች ማለት ይቻላል፤ መከርናት እንጂ አልነካናትም» ብሏል አሉ። እንግዲህ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቀሚሱ ላይ ወድቋል። ዛሬ ካልደረሰ የተያዘው ልጅ ተለቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ክፍል ውስጥ ከሜትሮ አጠገብ የምትቀመጠው ልጅ ጠጋ ብላ «የምር ያንቺ እህት ናት? ከጉልበቷ በላይ ስንዝር ነበር አሉ» አለቻት። በዕረፍት ሰዓት ስንዝሩ ስንዝር ተኩል ሆኖ ተመለሰ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅም «አቦ፣ እንደዛ ለብሳ ምን ጠብቃ ነው?» ብሎ ሁለት ሦስቱን አሳቀ። ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ስለምትዞር ነው ሰፈሩ ሜትሮ የሚላት፤ ልክ ታውቃለች። ቀሚሱ ጉልበት ይነካል። ወሬው ግን በየአፉ ባለፈ ቁጥር ያሳጥረዋል፤ መቀስም አላስፈለገው። ተነስታ ልትናገር ፈልጋ ነበር። ግን «አንቺ በምን አወቅሽ?» ቢሏት እውነቱን መናገር ሊኖርባት ነው።

ቀሚሱን ያሳጠረችው እሷ ናት።

አምና ነው። እህቷ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ መርጣ አመጣችው። ባሕር ማዶ ማን ለብሶት እንደነበር እንጃ፤ ባት ድረስ የሚወርድ፣ የአያት ልብስ የሚመስል ነገር ነበር። «ፋራ አስመሰለኝ አይደል? አራት ጣት ብቻ አሳጥሪልኝ፣ በናትሽ» አለቻት። ሜትሮ ብቻዋን ለሰው የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ነው። አልቆረጠችውም። እናቷ «ጨርቅ ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም፤ የቆረጥሽውን ማን ይመልስልሻል?» እያለች ነው ያሳደገቻት። ወደ ውስጥ አጠፈችና ዙሪያውን በእጇ ቀመቀመችው። እህቷ ለብሳው መስታወት ፊት ሦስት ጊዜ ዞረች። «እጅሽ ይባረክ!» ብላ ጉንጯን እያገላበጠች ሳመቻት።

አርብ ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ እሑድ ዕለት አጎታቸው መጣ። የእናቷ ታላቅ ወንድም ነው፤ ድምፁ ከሱ ቀድሞ በበር ይገባል። ገና ሳይቀመጥ «እነሱስ ባለጌዎች ናቸው፣ ይሁን» አለ። «ግን ይህን የፈረንጅ ቁራጭ ልብስ ማን ነው ያሳጠረላት? እስቲ እሱን ንገሩኝ!» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። ሜትሮ አንገቷን ደፋች። ወለሉን እያየች ቆመች።

ከጓዳ «እኔ ራሴ ነኝ፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ መጣ።

እህቷ ከአርብ ወዲህ ያን ያህል የተናገረችው ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ፊቷን እንደገና ወደ ግድግዳው አዞረች። ሜትሮም «እኔ ነኝ» ሳትል ቀረች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች እናቷ። «እጥፋቱ ሲፈታ እስከ ባቷ ይደርሳል። ያኔ ማንም አፉን አይከፍትም።»

«እንዳለ አምጡ ተብሏል እኮ፣ እማዬ።»

«እንዳለ ነዋ! ሲገዛ እንዲህ አልነበረም?»

እናቷ ክፉ ሆና አይደለም። ከአርብ ወዲህ ደጃፋቸውን የረገጠ ደንበኛ የለም፤ ሁለት ሴቶች እንዲያውም ያላለቀ ሥራቸውን በሰው ልከው ወስደዋል። እሱ ግን አይደለም የሚያስጨንቃት። ጓዳው ጭር ሲል ጫማዋን አውልቃ ትሄድና በሩ ላይ ጆሮዋን ለጥፋ የልጇን ትንፋሽ ታዳምጣለች። ትንፋሹን ስትሰማ ተመልሳ መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ምንም ሳትሰፋ። ሜትሮ ይህን ሦስት ጊዜ አይታለች። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም፤ እህቷ ራሷን እንዳትጎዳ እሷም ፈርታ ነው።

ምላጩን እጥፋቱ ውስጥ አስገባች። ክሩ ጠ፣ ጠ እያለ ተበጠሰ። እያንዳንዱን ስፌት ታስታውሰዋለች፤ ጥግ ላይ የተወላገደችውን ጭምር። ስንዝር ያህል ፈታችና ጨርቁን ወደ ታች ዘረጋችው።

እጇ ቆመ። እጥፋቱ ውስጥ የኖረው ጨርቅ እንደ አዲስ ደማቅ ሰማያዊ ነው፤ የላዩ ግን በፀሐይና በእጥበት ደብዝዟል። ጭቃውም እጥፋቱ ጋ ሲደርስ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከሱ በታች አንዲት ጠብታ የለችም።

«እማዬ፣ ነይ ተመልከቺ።»

እናቷ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ቀና ብላ በጓሮ በር ወጣች። ስትመለስ ጣሳ ሙሉ ጭቃ ይዛለች። ነጭ ጨርቅ ከመንካቷ በፊት እጇን ሦስት ጊዜ የምትታጠብ ሴት ናት፤ አሁን ጣቶቿ በጭቃ ተነክረዋል።

«ትንሽ ብቻ እንቀባዋለን» አለች። ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «የደመቀውንም ይሸፍነዋል።»

«እማዬ…»

«እማዬ አትበዪኝ! ሌላ ምን አለኝ? እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው። በጨርቅ ካላዳንኳት በምን ላድናት?»

ሜትሮ ምላጩን አስቀመጠች። ከእሑድ ጀምሮ የደበቀችው ነገር ድንገት ወጣ። «እኔ ነኝ ያሳጠርኩት። እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች እናቷ። «የልጄን እጅ አላውቅም? አምና ታጥቦ ሲሰጣ አይቼዋለሁ። አሳምረሽ ነው የቀመቀምሽው፤ ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። ያኔ ብቆጣ ኖሮ…»

በዚህ ቤት ሦስቱም ሴቶች ጥፋቱን ተሻምተው ጨርሰውታል፤ ለእነዚያ ለሦስቱ ጎረምሶች የተረፈ የለም። ሜትሮ ይህን ስታስብ ተናደደች። ከአርብ ወዲህ አልቅሳለች እንጂ ስትናደድ የመጀመሪያዋ ነው።

«ብናስረዝመው እኮ አጭር ከሆነ የደረሰባት ይገባታል ማለታችን ነው» አለች።

«የሰው አፍ ማሳጠራችን ነው እንጂ!»

«አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ እስከ ቁርጭምጭሚትሽ ነው የለበስሽው። መንገድ ላይ ማንም ነክቶሽ አያውቅም?»

እናቷ ወደ ጣሳው ዞረች። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ጭቃው ከጣቷ ጫፍ ወለሉ ላይ ጠብ አለ፤ አልጠረገችውም። ሜትሮ ያን ጥያቄ ወደ አፏ መመለስ ብትችል በወደደች፤ ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የጓዳው በር ሲጢጥ ሲል ሁለቱም ዞሩ። እህቷ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ፀጉሯ አልተበጠረም። የቀኝ እጇ ጀሶ አውራ ጣቷን ጭምር ሸፍኖታል፤ አራት ያበጡ ጣቶች ብቻ ብቅ ብለዋል።

«ሁሉንም ሰምቻለሁ» አለች። ድምጿ ብዙ ቀን ያልተሠራበት ስለሆነ ሻክሯል። «አስረዝሚው ልልሽ ነበር የተነሳሁት። እስከ መሬት አስረዝሚውና ይልቀቁኝ ልልሽ ነበር።»

መጥታ ቀሚሱን በግራ እጇ አነሳች። ጭቃው ሳይቀፋት ገላዋ ላይ ለጠፈችው፤ ሜትሮ ትከሻውን ያዘችላት። ጫፉ ጉልበቷ ላይ አረፈ። እህቷ ጎንበስ ብላ አየችው።

«እዚህ ጋ ነው?» አለች።

«እዚህ ጋ ነው፣ እታለም። አራት ጣት ነው የገባው፤ እኔ ነኝ የለካሁት።»

«ሊጠይቀኝ የሚመጣው ሁሉ በዚህ በር ላይ እያወራ ነው የሚገባው። ስሰማ ስሰማ እኔም በጣም አጭር መስሎኝ ነበር» አለች እህቷ። «የራሴን ቀሚስ እኮ ነው።» ከዚያ አለቀሰች፤ ከአርብ ጀምሮ ያላለቀሰችውን። እናቷ ልታቅፋት ተጠጋችና የገዛ እጇን አይታ ቆመች። ጭቃ የነካውን እጇን ወዴት እንደምታደርገው ጠፋት። ጣሳውን አንስታ ወደ ጓሮ አመራች።

በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞረች። «ቢያንስ የተረተርሽውን መልሰሽ ስፊው» አለች። «እንዲህ ተንጠልጥሎ ከዚህ ቤት ሥራ አይወጣም።»

ሜትሮ ከልማድ የተነሳ መርፌ አንስታ ክር አስገባች። አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም፤ በድሮው ቀዳዳ ብትሰፋው ማንም አያውቅም። ተንጠልጥሎ ያለውን ስንዝር አየች፤ ደማቁን ሰማያዊ፣ ቀጥ ያለውን የጭቃ መስመር። ከዚያ ክሩን መዝዛ አወጣችና መርፌዋን መልሳ ሰካቻት።

«እንዳለ ነው የተባለው» አለች። «ማን እንዳሳጠረው ከጠየቁኝ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ማን እንደተረተረውም እነግራቸዋለሁ።»

እናቷ ወደ ጓሮ ወጣች። ከጓሮ የውሃ ድምፅ መጣ።

ሜትሮ ቀሚሱን አጥፋ በፌስታል ከተተችው። ስምንት ተኩል ሊሆን ነው። ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። መርማሪዋ ሳቅ ቢያመልጣትስ? የክፍሏ ልጆች ፊት ስትናገር እንኳ ምላሷ ይተሳሰራል፤ እዚያ ምን ልትል እንደሆነ አታውቅም። ጣቢያው ድረስ ደግሞ በዚያው በታክሲው ሰልፍ በኩል ነው የሚኬደው።

«ቆዪኝ» አለች እህቷ።

ሜትሮ ቀና አለች። እህቷ ዓይኗን በግራ እጇ ጠርጋ በግድግዳው ዙሪያ የተሰቀሉትን ልብሶች ታያለች፤ ጉርዱን፣ ሱሪውን፣ ረጅሙን ጥቁር ቀሚስ። አንዱን ነካች፣ ተወችው። ሌላውን ነካች፣ ተወችው።

«ምን ልልበስ?» አለች።

እናቷ እጇን እያደራረቀች ከጓሮ ገባች፤ ጥያቄውን ሰምታለች። ዕድሜ ልኳን ሴት ስታለብስ የኖረች ልብስ ሰፊ ናት፤ አሁን ግን እሷም ወደ ሜትሮ ዞረች። ሜትሮ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ዝናቡ እንደገና ጀምሯል። ፌስታሉን ብብቷ ስር አጥብቃ ያዘች።

«የሚሞቅሽን ልበሺ፣ እታለም» አለቻት። «ውጭ ይበርዳል።»