ቀላሉ ላፕቶፕ

ከላፕቶፑ ሥር ሁለት ብሎኖች እንደጎደሉ ንጋት ያየችው ከሞጣ ተመልሰው ቢቸና ከገቡ በኋላ ነው። አልጋው ላይ ገልብጣ በጨርቅ ስትወለውለው ጣቷ ባዶ ቀዳዳ ነካ። ከጎኑም ሌላ። እናቷ እንዳታይ ቶሎ ብላ ገለበጠችው።

እናቷ አምሳለች የጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኛ ናት። የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣላት የቤቱን በር ልታሠራበት ነበር። የበሩ ታች በስብሷል፤ ማጠፊያው ስለላላም ሰው ከፍ አድርጎ ካልያዘው መወርወሪያው አይገባም። ንጋት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ስታልፍ ግን በሩ ቀረና ላፕቶፕ ተባለ።

«ምን አለ በይኝ፣ አንድ ነገር ይገኝበታል» እያለች ነበር እናቷ በሚኒባሱ ውስጥ፣ እስከ ሞጣ መንገዱን ሁሉ።

ሞጣ ላይ መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ሳሊህ ሱቅ ነው። ጋሽ ሳሊህ አንድ ያገለገለ፣ ወፍራም ጥቁር ላፕቶፕ አውጥተው ከፈቱና ገመዱን ነቀሉት። «ይኸው፣ ያለ መብራት ሁለት ሰዓት ይሠራል። መልኩን አትይ፣ ልጄ» አሏት።

ንጋት ብድግ አደረገችው። ክብደቱ ክንዷን ወደ ታች ሳበው። ይህን ተሸክማ በየቀኑ ክፍል ልትሄድ ነው? ልጆቹስ ምን ይሏታል? ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ አንድ ወጣት ነጋዴ ያሳያት ብርማ ላፕቶፕ ግን እንደ ደብተር ቀለላት። ዋጋውም ከዚያኛው እኩል ነበር። ሻጩ ገመዱን ከሶኬቱ አልነቀለም፤ እሷም ንቀልልኝ አላለችም። ይህን ካልወሰድኩ ብላ እናቷን አስገዛች።

ብሎኖቹን ባየችበት ቀን አመሻሹ ላይ መብራት ሄደ። ከመብራቱ ጋር ላፕቶፑም ጠፋ።

በማግስቱ ኮምፒውተርም ወደሚጠግኑት ወደ እትዬ አስናቀች ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰደችው። እትዬ አስናቀች የቀሩትን ብሎኖች ፈትተው ክዳኑን አነሱ። ባትሪው መኖር በነበረበት ቦታ የታጠፈ ካርቶን ተወትፏል።

«ቀለለኝ ያልሽው ለዚህ ነዋ! ሆዱን አውጥተው ነው የሸጡልሽ።»

«ባትሪ አይገዛለትም?»

«የዚህ ዓይነቱ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣ። እሱም ከተገኘ ነው፤ ዋጋው የላፕቶፑን ግማሽ ያህላል።»

ንጋት ሻጩ ጋ ደወለች።

«ሶኬት ላይ ሲሠራ አይተሽ ነው የወሰድሽው። ምን ብዬ ዋሸሁሽ?» አለና ዘጋባት። ደግማ ስትደውል ስልኩ ጠፍቷል።

እናቷ ከሥራ ስትመለስ «እንዴት ነው ዕቃው?» አለቻት።

«አሪፍ ነው።»

እናቷ ትክ ብላ አየቻትና ወደ በሩ ሄደች። መወርወሪያው እንቢ ሲላት አግዳሚ ወንበሩን ጎትታ አስደገፈችበት። ሦስት ሌሊት እንዲሁ አደሩ።

በአራተኛው ቀን ፋንታ መጣች። ጎረቤት ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ተምረዋል። እሷም ፈተናውን አልፋለች። ላፕቶፑን ብድግ አድርጋ ጮኸች።

«ወይኔ! ይሄ ላፕቶፕ ነው ላባ? አንቺ አራዳ! ለእኔ አባቴ የሚገዛልኝ መቼም ግንድ ነው የሚያህል።»

«ከወደድሽው ውሰጂው» አለች ንጋት። ቃሉ እንዴት ከአፏ እንደወጣ አላወቀችም። «እኔ ስክሪኑ ሰፋ ያለ ነው የምፈልግ። የገዛሁበትን ስጪኝ።»

«የምርሽን ነው? ማታ አምጪው፣ አባቴ ይየው!»

ሲመሽ ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልላ ስትወጣ እናቷ፣ «ቶሎ ነይ። በሩ ካልተዘጋ አላርፍም» አለቻት።

የፋንታ አባት ጋሽ በላቸው መነጽራቸውን አድርገው ጠበቋት። ንጋት ቻርጀሩን ሰካች። ስክሪኑ ቦግ አለ።

«እንከን የለውም አይደል፣ ልጄ?»

መልሱን መንገድ ላይ አዘጋጅታለች፤ ሲሠራ እያዩት ነው። ውሸት የለበትም። ከሞጣው ሻጭ የተማረችው ይህንኑ ነው።

ፋንታ ከአባቷ ጀርባ ቆማ እጆቿን ታፋትጋለች። «ዶርም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ነው የማነብበት» አለች።

ንጋት ጎንበስ ብላ ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው። ስክሪኑ ጠፋ።

«መብራት ሄደ እንዴ?» አሉ ጋሽ በላቸው፣ ቀና ብለው። አምፖሉ እንደበራ ነው።

«ባትሪ የለውም» አለች ንጋት።

የፋንታ እጆች ወረዱ። «ታውቂ ነበር?»

«ከገዛሁት ማግስት ጀምሮ።»

ንጋት ላፕቶፑን ይዛ ስትወጣ ፋንታ እንደ ወትሮው እስከ አጥሩ አልሸኘቻትም።

እናቷ ደጁ ላይ ቆማ ነበር። «ምነው ቆየሽ? እኔማ አንድ ነገር ሆናለች ብዬ...»

«እማ፣ ላፕቶፑ ባትሪ የለውም። ቀላሉን ካልወሰድኩ ያልኩት እኔ ነኝ። ለፋንታ ልሸጥላት ነበር።»

«ብዬሽ ነበር» የሚለውን ጠበቀች። እናቷ ግን ላፕቶፑን ከነነጠላው ተቀበለቻትና በመዳፏ መዘነችው።

«በሶኬት ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያ ሶኬት አጠገብ ነዋ የምትቀመጭ።» ድምጿ ደክሟል። ላፕቶፑን አልጋው ላይ አስቀመጠችና አግዳሚ ወንበሩን ልትጎትት ጎንበስ አለች።

«ተይው» አለች ንጋት። በሩን ከታች፣ ከበሰበሰው በኩል፣ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ላይ አነሳችው። እንጨቱ ከባድ ነበር። እናቷ መወርወሪያውን ገፋችው። አንዴ እንቢ አለ፤ ሁለተኛም። በሦስተኛው ገባ።