የታክሲዋ ርግጫ

ጋሽ ኖ ጊልቦክ ማለዳ በገዛ ጋራዣቸው ደጅ፣ በአንዲት ታክሲ አፍንጫና በብረቱ በር መካከል ተጨፍልቀው ሞተው ተገኙ። የታክሲዋ ሞተር አልጠፋም፤ ማርሿም ወደ ፊት ገብቷል። ሬሳው ሳይነሳ የኢንቾን ወደብ የመካኒኮች ሰፈር ገዳዩን አውቆ ጨርሶ ነበር። አውቶማቲክ ካምቢዮዋን የጠገነችው የጋራዡ መካኒክ ታክ ሚዮንግሂ ናት ተባለ፤ ሌላ ማን ሊሆን!

«ፈርሚ» አላት የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ እዚያው ጋራዡ ውስጥ፣ ወረቀቱን ወደ እሷ እየገፋ። «ሰውየው ሞተር ሊያሞቁ አስነሱ፣ በሩን ሊከፍቱ ወረዱ፣ ታክሲዋ ረግጣ ገደለቻቸው። ቸልተኝነት ነው እንጂ ግድያ አላልንሽም።»

«እጄን ቁረጠው እንጂ አልፈርምም!»

ከፈረመች ወህኒ ናት፤ ስትወጣም መፍቻ የሚያስጨብጣት አይኖርም። ሚዮንግሂን ያንገበገባት ግን እሱ አልነበረም። ጋሽ ኖ ሙያውን ከነክብሩ ያስተማሯት ሰው ናቸው። እሳቸውን በእጅሽ ሥራ ገደልሽ መባል እሳት ሆነባት።

«አዛዥ፣ ብዕሩ ትንሽ ይቆይ» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። መርማሪዋ ማ ዮንግሱክ ነበረች፤ አጭር፣ ቀስ ብላ የምትራመድ፣ ሰው ሲናገር እጅ እጁን የምታይ ሴት። አዛዡ ፊቱን አጨፈገገ። እሷ እንዳላየች አለፈችውና የታክሲዋን ባለቤት ሾፌሩን ጉ ፒልጁን ጠራችው።

«ታክሲህ ምን ሆና ነው የመጣችው?»

«ስትሞቅ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ላይ ትነጥር ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ‹ወንድሜ፣ ፈረስ ነው እንዴ የምትነዳው?› እያለ ይሳለቅብኛል።»

«ከጥገናው በኋላስ?»

«ትናንት አመሻሹ ላይ ከሚዮንግሂ ጋር ወደቡን ዞርንባት። ቅቤ ናት ቅቤ! ጋሽ ኖ ደስ ብሏቸው ‹ነገ እንደ አገራችን ወግ እንመርቃት፤ የአሳማ ጭንቅላት እናቅርብላት፣ ጎማዋንም የሩዝ ጠላ እናጠጣት› አሉኝ። እኔም እዚሁ አሳደርኳት። ሰው በተሰበሰበበት ጋራዡን ለሚዮንግሂ ሊያወርሷት እንደሆነም ሹክ ብለውኛል።»

«ጋራዡን?» አለ ሶክ ቴግን፣ የሟቹ ሚስት ወንድም። የመለዋወጫ ሱቁ ከጋራዡ ጎን ነው። «ፎቅ ሊሠሩበት እየለመኑን፣ መሬቱን ለባዳ?»

«እርስዎ ታክሲዋን ነድተዋታል?» አለችው ማ።

«ትናንት ማታ በሩ ፊት ያቆምኳት እኔ ነኝ። ከቆመችበት ማርሹን ወደ ፊት ስከተው በቅሎ ሆነችብኝ! ግንባሬ ከመሪው ሊጋጭ ነበር። እኔ ዕቃ ሻጭ ነኝ፣ መካኒክ አይደለሁም፤ ግን ይቺ ሴት እንዳበላሸችው ያኔውኑ ገባኝ።»

«ምላስህ ይቆረጥ!» ብላ ሚዮንግሂ ተወረወረችበት። ሁለት ፖሊሶች በግድ ያዟት።

ማ ታክሲዋ ውስጥ ገባች። ማርሹን ወደ ፊት ስትከተው ታክሲዋ ከቆመችበት ዘለለች። ትንሽ ሄድ ብላ እንደገና ዘለለች። ሰፈርተኛው አጉረመረመ። ሚዮንግሂ የሠራችውን በልቧ አንድ በአንድ ከለሰች። ዘይቱን በልኩ አልሞላሁም? አንድ ብሎን ሳላጠብቅ ቀርቼ ይሆን? በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ራሷን ተጠራጥራ አታውቅም።

ማ ራዲዮውን ከፈተች። ሸሸሸ አለ።

«ምን ነካችሁብኝ?» ብሎ ጮኸ ጉ። «የዘፈን ጣቢያዬ የት ገባ? ትናንት ሲዘፍንልኝ አልነበር እንዴ!»

መርማሪዋ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተችና ባትሪው ላይ ጎንበስ አለች። ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አለ። ቀና ስትል ፊቷ ተለውጧል።

«ሁላችሁም ቅረቡ። አዛዥ፣ እርስዎም። እህት ሚዮንግሂ፣ ባትሪ ቢነቀል ይህ ካምቢዮ ምን ይሆናል?»

ሚዮንግሂ ግንባሯን በመዳፏ መታች። «የለመደውን ይረሳል! ከጠገንኩት በኋላ እየነዳሁ ኮምፒውተሩን ለስላሳ የማርሽ አገባብ አስለምጄዋለሁ። መብራት ሲቋረጥበት ግን እንደገና እስኪለምድ ይራገጣል። አይ እኔ፣ ምን አሳወረኝ!»

«ራዲዮውም ጣቢያውን የረሳው ለዚሁ ነው» አለች ማ። «የነቀለውስ ለምን ነቀለው? የታክሲዋ ካሜራ ቆማም ሳለች ይቀርጻል፤ ሽቦው የተያዘው ከባትሪው ብሎን ሥር ነው። ካሜራውን ለማሳወር ብሎኑን መፍታት ግድ ነው። አዛዣችን ካሜራው ተበላሽቶ ነው ብለዋል። አልተበላሸም፤ ሽቦው ወጥቶ ባትሪው ብቻ ተመልሷል፣ ታክሲዋ እንድትነሳ፤ ሽቦው የተመለሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው።»

«ካልቀረጸ ምን ይጠቅማል?» አለ አዛዡ።

«ቅጂውን አይቼዋለሁ፤ ከመታወሩ በፊት አቶ ሶክ ታክሲዋን ሲያቆሙ ቀርጿል። ራዲዮው ይዘፍናል፣ እሳቸውም አብረው ያንጎራጉራሉ። ምስሉ ንቅንቅ አይልም። እንግዲያው ባትሪው የተነቀለው ከዚያ በኋላ ነው።» ወደ ሶክ ዞረች። «የድሮው በሽታዋ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ነበር። እርስዎ የነገሩን ግን ከቆመችበት የምትዘለውን ነው። ያ ዝላይ ትናንት ማታ አልነበረም። ባትሪው ከተነቀለ በኋላ ደግሞ እኔ እስክነዳት ድረስ የተነዳችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ጋሽ ኖ ላይ። ከዚያ ወዲህ ሰው ገፍቶ ነው ያወጣት። ዝላዩን የት አወቁት?»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ...»

«ማን?»

ሶክ ዙሪያውን አየ። አንድም ሰው ዓይኑን አላነሳለትም። «እሷ አበላሽታው መስሎኝ ነው!» ብሎ አምባረቀ።

ራሱም የተናገረው የገባው ካመለጠው በኋላ ነው።

«አዎ» አለች ማ፣ ከእንግዲህ ሳታከብረው። «መሬቱ ለባዳ እንዳይሄድ ብለህ ጋሽ ኖ ላይ ስትነዳት ዘለለችብህ፤ የእሷ ጥፋት መሰለህ። ሰበብ ከሰማይ የወረደልህ መስሎህ እየዞርክ አወራኸው።»

ሶክን እጁን አስረው ወሰዱት። አዛዡ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። «በይ እንግዲህ፣ ነፃ ነሽ፤ ሂጂ።»

«ወዴት ነው የምሄደው? ሥራዬ እዚህ ነው!» አለች ሚዮንግሂ፣ መንገዱ ላይ ተገትራ። «አንተ ትሄዳለህ። መጀመሪያ ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ጥገናው እንከን አልነበረበትም በል።»

አዛዡ የሆነ ነገር አልጎመጎመ።

«አልተሰማም!» አለ ጉ ከኋላ።

«እኔም አልሰማሁም» አለች ማ።

«እንከን አልነበረበትም!» ብሎ ጮኸ አዛዡ፣ እስከ ጆሮው ቀልቶ። «የሴትዮዋ ሥራ እንከን አልነበረበትም!»

«ይኸው ነው» አለች ሚዮንግሂ። ከመንገዱ ዞር አለችለት። ከዚያ ጋሽ ኖ የወደቁበት መሬት ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠችና፣ ከማለዳ ጀምሮ አንቃ የያዘችውን ልቅሶ ለቀቀችው። «አባቴ! አባቴን!»