በማር የተለወሰው ኪኒን

ሙነወር የሞተው ለጁምዓ ሶላት ውዱእ እያደረገ ሳለ ነው። እጁን ታጥቦ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ እግሩ ላይ ሳይደርስ ጎንበስ አለና ደም አስመለሰ፤ ሁለተኛ ቀና አላለም። የሐይቅ ሰው ደግሞ ወሬ አያሳድርም። ባጃጁ ሬሳውን ከጤና ጣቢያ ወደ ቤቱ ሳይመልሰው «ሚስቱ መርዛው ነው» የሚለው ነገር ገበያውን ዞሮ፣ ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ደርሶ ነበር።

ኢንስፔክተር ሰዓዳ ከደሴ ስትደርስ ግቢው በሰው ጢም ብሏል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው ያለቅሳሉ፤ የሟች ሚስት ሂዳያ ግን ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ጎረምሶች እሷን እያዩ ይንሾካሾካሉ፤ የአንዳንዱ እጅ ባዶ አልነበረም። ሰዓዳ ድንጋዮቹን አየች። አጭር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግራት ጥርሷን በስንጥር የምትጎረጉር ሴት ናት፤ ለሚያያት ሞኝ ትመስላለች። ስንቱ ብልጥ በዚህ ተሸውዶ ወህኒ ወርዷል!

የሟች እናት ዑምኩልሱም በሩን ዘግተው ቆመው ጠበቋት።

«ልጄ፣ ጀናዛው ከዐስር ሶላት አያልፍም። ይችን ገዳይ ይዘሽልኝ ሂጂ። ፊቱን አታይም! እዚህ በር አትደርስም!»

«አብሽሩ እማማ። ምን አይተው ነው?»

«በእጇ እየወቀጠች ያጎረሰችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

እውነት ነው፣ እሷ ናት። ሙነወር የእህል ነጋዴ ነበር፤ ንግዱ ሲሰፋ ሰውነቱም አብሮ ሰፋና ጉልበቱ አልሸከምህም አለው። ጊዜ ሳያጠፋ አዲስ አበባ ወርዶ ጨጓራውን በቀዶ ጥገና አስጠበበ። ከዚያ ወዲህ ውሃ እንኳ በጉንጭ በጉንጭ ሆነ፤ ኪኒኑንም እያደቀቀ እንዲወስድ ታዘዘ። ሂዳያ እንደሆነች ለአንድ ፍሬ ብላ ሙቀጫ የምታወጣ ሴት አይደለችም። ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን ሁሉ አንድ ላይ እንደ በርበሬ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በማር ለውሳ በብልቃጥ ታስቀምጥለታለች። ጎረቤቱ ሁሉ ይኼን ያውቃል፤ ያደንቃትም ነበር።

ሰዓዳ ከሂዳያ ጎን መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«ኪኒኑን ማን ነበር የሚያመጣልሽ?»

«ባድሩ ነዋ፣ ወንድሙ። መድኃኒት ቤት አለው አይደል? በወረቀት ጠቅልሎ ይሰጠኛል። ቢጫው ቫይታሚን ነው፤ ነጩ ደግሞ ጉልበት ያጠነክራል አለኝ። ሁሉንም አብሬ ነው የምወቅጠው። ወላሂ፣ ከዚያ በቀር የጨመርሁት የለም!»

«ነጩን ከመቼ ወዲህ?»

«ከዐረፋ ወዲህ።» ከመቀነቷ ውስጥ የተጠቀለለ ወረቀት ፈታ ሰጠቻት። «ለሚመጣው ሳምንት የተረፈው ይኸው።»

ሬሳውን አጅቦ የመጣው የጤና ጣቢያ ሐኪም፣ እንዳለ የሚባለው፣ ፍሬዋን ገልበጥ አድርጎ ገና ሲያያት ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይኼማ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለጉልበት፣ ለወገብ የሚሰጠው። ጨጓራው በቀዶ ጥገና ለጠበበ ሰው ግን ክልክል ነው፣ ኢንስፔክተር። ያቆስለዋል፤ ውስጥ ለውስጥ ያደማዋል። ደሙ በአንጀት ሲወርድ ሰገራው እንደ ሬንጅ ይጠቁራል።»

ሰዓዳ ወደ እናትየው ተመለሰች።

«እማማ፣ ሰገራው ጠቁሮ ያውቃል?»

«እህ! ሰሞኑን ሬንጅ ነበር እንጂ። ይችም ያኔ የደነገጠች መስላ ሐኪም ቤት እንውሰደው ስትል ነበር። ባድሩዬ ነው ያረጋጋን፣ አላህ ይስጠው። ‹እማ፣ የብረት ኪኒን ነው የሚያጠቁረው፤ ሐኪም ቤት አያስኬድም› አለን። እኛ የቱ ብረት፣ የቱ ቫይታሚን እንደሆነ በምን እናውቃለን?»

«ልክ ነው፣ ብረት ያጠቁራል» አለች ሰዓዳ፣ ስንጥሯን እያኘከች።

ባድሩ ዓይኑ በልቅሶ ቀልቷል። አነጋገሩ ግን ቅልጥፍ ያለ ነው።

«ነጩን ኪኒን እኔ አልሰጠኋትም። ከየት እንዳመጣችው እሷ ታውቃለች፤ ደሴ ትመላለስ የለ?»

«አንተ ምን ነበር የምትሰጣት?»

«ቫይታሚን ብቻ።»

«ብረትም ታዞለት ነበር አሉ።»

«እሱማ ከገበያ ጠፋ። ከዐረፋ በፊት ነው ያለቀበት፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ፍሬ አላመጣሁለትም። ብፈልግ፣ ባስፈልግ የለም! በዚህስ እኔ አልጠየቅም።»

«አትጠየቅም» አለች ሰዓዳ። ስንጥሯን ጣለች።

የሟች የልብ ጓደኛ ከበደ፣ ጀልባ ያለው ዓሣ አጥማጅ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ ከዋርካው ሥር ቆሟል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ በርትቶ፣ በአምባሰል በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

«ጉልበቱ ድኖ ነበር እኮ!» አለ ከበደ። «ድሮ ጀልባ ላይ ተሸክመን ነበር የምናወጣው፤ ሰሞኑን ዘሎ ወጣ። ‹ዱዓዬ ደረሰልኝ› ይለኛል።»

«ሌላስ ምን አለህ?»

«ሐይቁ መሃል ላይ ‹ከበደ፣ አፉ በለኝ› አለኝ። ምን አድርገኸኝ ስለው፣ ‹የልጅህ የሔለን ነገር ነው። እስከ መውሊድ ጠብቅ፤ ጥፋተኛው ራሱ ካልነገረህ እኔ በሽማግሌ ፊት እነግርሃለሁ› አለ። ልጄ ባለፈው ክረምት በሳንባ ምች ሞታብኛለች። መድኃኒት ገዝቼላት ነበር፤ አልያዘላትም።»

«ከማን ነው የገዛኸው?»

የከበደ ዓይን ወደ ባድሩ ሄዶ እዚያው ቀረ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለእሱም የገባው።

ዐስር ሊደርስ ሲል ሰዓዳ እናትየውን፣ ሂዳያን፣ ባድሩንና ከበደን ከሐኪሙ ጋር አስከሬኑ ካረፈበት ክፍል ደጃፍ ሰበሰበቻቸው። ጎረምሶቹ አጥሩን አልፈው ገብተዋል።

«ሙነወርን የገደለው የሕመም ማስታገሻ ነው» አለች። «ጉልበቱ ድንገት የዳነውም በዚሁ ነው፤ ሳያውቀው ሲውጠው ከርሟል። ኪኒን ከተወቀጠ መልክ የለው፤ ማር ከገባበት ምሬቱ አይታወቅ። ማን ሰጠው? ሂዳያ ‹ባድሩ ነው› ትላለች፤ ባድሩ ‹አይደለሁም› ይላል። የሁለት ሰው ቃል ነውና ኪኒኑን እንተወው። ስለ ሰገራው እናውራ።»

አንዳንዱ አፍንጫውን ያዘ።

«አትጸየፉ፤ እውነቷ ያለችው እዚያ ነው። ደም ያጠቁራል፤ ብረትም ያጠቁራል። እማማ፣ ሰገራው ሲጠቁር ባድሩ ያለውን እስቲ ደግመው ይንገሩን።»

የነገሩ አካሄድ ለአሮጊቷ ገብቷቸዋል። ሌላ እናት «ረሳሁት» ትል ነበር፤ ማንስ ይፈርድባታል?

«‹የብረት ኪኒን ነው› አለን» አሉ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «ሐኪም ቤት አያስኬድም አለን።»

«ባድሩ፣ ለእኔ ደግሞ ከዐረፋ ወዲህ አንዲት የብረት ፍሬ እዚህ ቤት አልገባችም አልኸኝ። ብረቱ እንደሌለ ከአንተ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። መድኃኒት የምትሸጥ ሰው ነህ፤ ጥቁሩ ደም መሆኑንም ታውቃለህ። ታዲያ ወንድምህን ከሐኪም ያስቀረኸው ለምንድን ነው?»

«እኔ... ረስቼው...»

«ሐኪም ቤት እንውሰደው ያለችው ሂዳያ ናት። መራዥ ባሏን ይዛ ወደ ሐኪም ትሮጣለች? ሙነወር ደግሞ እስከ መውሊድ ቀጠሮ ሰጥቶህ ነበር። ለሔለን የሸጥኸው መድኃኒት ምን ነበር? ይኸው አባቷ ቆሟል፤ ለእሱ ንገረው።»

ባድሩ ወደ ከበደ ዞረ፤ ቅልጥፍናው ከዳው።

«የመድኃኒቱ ጊዜ ማለፉን አላየሁም ነበር!» ብሎ ጮኸ። «ሙነወር እግር ላይ ወድቄ ለምኜዋለሁ! ወንድምህ ነኝ፣ አታዋርደኝ አልሁት። ‹ወንድሜ ስለሆንህ ነው የታገስሁህ› አለኝ። ሱቄስ? ስሜስ?»

ከበደ ዱላውን አነሳ፤ ሐኪሙ ከመሃል ገብቶ ያዘው። ከዚያ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተንሰቀሰቀ። ጎረምሶቹ የያዙትን ድንጋይ አንድ በአንድ እየጣሉ ወጡ።

ፖሊሶቹ ባድሩን ሲወስዱት ዑምኩልሱም ዞረው አላዩትም። ሂዳያም አላየችውም፤ የምታየው እጆቿን ነበር።

«እማ» አለች፣ «ንጹሕ ነሽ ቢሉኝ ምን ያደርግልኛል? በዚህ እጄ ነው የወቀጥሁት። በዚህ እጄ ነው ያጎረስሁት።»

«እኔም ገዳዩን በዚህ ጡቴ ነው ያሳደግሁት» አሉ ዑምኩልሱም።

ከበሩ ላይ ዞር አሉላት። «ነይ ግቢ» አሉ እጇን ይዘው፤ «ሳይወጣ ባልሽን እይው።»