ቆዳ የሌለው ድቤ

ፈጠራ ነው ብትሉኝ አልቀየምም። ወላሂ ግን ይሄ የደረሰው በእኔው ላይ ነው።

ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም፣ እዚሁ ከሚሴ። ጨለማ አልነበረም... ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ዙቤይዳ እባላለሁ። አባቴ አብዱልጀሊል በጨፋ ሸለቆ ዱዓና ዝክር በሚደረግበት ሐድራ ሁሉ መንዙማ የሚያወጣ፣ ድቤ የሚመታ ሰው ነበር። አሁን ዓይኑም አያይም፣ አልጋ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመቱ ነው። መንዙማውን ይቀበሉለት የነበሩት ጓደኞቹ ሁሉ ቀድመውት ሞተዋል። ቤት ውስጥ ያለነው እኔና እሱ ብቻ ነን።

ያን ዕለት ጠዋት እጄን ያዘኝ።

"ልጄ... ድቤዬን አምጪልኝ። አንዴ ልምታውና ልሂድ።"

ክው አልኩ።

ድቤውን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለሙዚየም ያሰጠሁት እኔው ነኛ! "ቤት ውስጥ ከሚበላሽ እዚያ ለትውልድ ይቀመጥ" እያልኩ ነዝንዤ ነዝንዤ። እሱ አልፈለገም ነበር። ሲሰጥም፣ "ቆዳ ነው፤ በየሐሙሱ ፀሐይ ካላሞቁት ይሞታል፣ አደራ!" ብሎኛል።

"እሺ አባ" አልኩ። ሁለት ሐሙስ ሄድኩ። ከዚያ ሙዚየሙ ተዘጋ፣ እኔም ረሳሁት። አደራ በላ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ።

ሙዚየም ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ጓሮ ያለች፣ ጣሪያዋ የሚያፈስ አንዲት ክፍል ናት። ቁልፉ ጥበቃው ጋሽ ይግዛው ዘንድ ነው። ሰው ሁሉ ለምሳና ለዙሁር ሶላት ወጥቶ ግቢው ጭር ብሏል።

"ደብዳቤ ይዘሻል?" አለኝ።

"ጋሽ ይግዛው፣ አባቴ እያጣጣረ ደብዳቤ ከየት ላምጣ?"

አየት አደረገኝና ከፈተልኝ። ከዚያ ወደ ኋላው ሸሸ።

"አብረን እንግባ እንጂ።"

"እኔ አልገባም።"

"ምነው?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ዛሬ ሐሙስ ነው... ሐሙስ ሐሙስ ሰው አለበት።"

"ለዓመታት የተዘጋ ቤት የምን ሰው!" ብዬ ሳቅሁበት። ሳቄ ግን ለራሴም አላማረኝም።

ገባሁ።

የሌሊት ወፍ ኩስ ይሸታል። ኮርኒሱ ወርዷል። በእጅ የተጻፉት ኪታቦች በምስጥ አልቀው አፈር ሆነዋል። የስም ወረቀቶቹ ወዳድቀዋል፤ የትኛው ዕቃ የማን እንደነበር ከእንግዲህ የሚያውቅ የለም። አልቅሺ አልቅሺ አለኝ።

የድቤው መስታወት ሳጥን ተቆልፏል። ውስጡ ግን... ባዶ ነው።

ዞር ስል፣ መስኮቱ ሥር ሰፌድ የምታክል ፀሐይ ገብታለች። ድቤው እሷ ላይ ተቀምጧል።

ወለሉ ጣት የሚያሰምጥ አቧራ ነው። ከእኔ ዱካ በቀር ሌላ ዱካ የለበትም።

ነካሁት። ትኩስ ነው። ቆዳው ግን የለም... አይጥ ግጦ ጨርሶታል። የቀረው ባዶ እንጨት ነው።

"አባ፣ ይቅር በለኝ" አልኩ።

ከፀሐይዋ አንስቼ ጥግ አስቀመጥኩትና ሻርፔን ልፈታ ጀርባዬን ሰጠሁት። ስዞር...

ተመልሶ ፀሐይዋ ላይ ነው።

"ኤኙ?" አልኩ። በድንጋጤ በኦሮምኛ ወጣብኝ፤ ማን ነው ማለቴ ነው።

አንድ ሰው ትንፋሹን ሲውጥ ሰማሁ።

ድቤውን ጠቅልዬ ሮጥኩ። ባጃጅ ውስጥ እስክገባ ወደ ኋላዬ አላየሁም።

"አመጣሽው?" አለ አባቴ፣ ገና በሩን ስከፍት።

ቆዳ የለውም ማለት አቃተኝ። በምን አፌ? ጎኑ አስቀመጥኩለት። እጁ ባዶው ውስጥ ሲገባ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቀስ ብዬ ገለጥኩ።

መዳፉ ባዶ አየር ላይ ቆሟል። አልሰመጠም።

ከዚያ መምታት ጀመረ... እጁ ይወርዳል፣ ይነጥራል። ይወርዳል፣ ይነጥራል።

እኔ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

"ሰማሽ ልጄ?" አለ ፊቱ በርቶ። "እንዴት አሳምረው ጠብቀውልኛል! አላህ ይስጣቸው።"

"አዎ አባ" ብዬ ዋሸሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

"ተቀባዮቹም መጡ" ብሎ አንሾካሾከ። "በሩን ክፈቺላቸው..."

ከፈትኩ። መንገዱ ላይ ሰው የለም። ፍየል እንኳ የለም።

ደጃፉ ላይ ግን ጫማ ተደርድሯል። ሃያ... ሠላሳ ጥንድ ይሆናል። የጎማ በረባሶ፣ የተሰነጠቀ ኮንጎ፣ ዛሬ ማንም የማያደርገው ያረጀ ጫማ ሁሉ።

ከኋላዬ፣ አልጋው ላይ፣ የአባቴ ትንፋሽ ተቋረጠ።

ከጫማዎቹ መጨረሻ አንድ ጥቁር ሸበጥ አየሁ። የአባቴ ነው። እግሩ ሲከዳው ለመስጊድ የሰጠሁት ራሴ ነኝ።

ጎንበስ ብዬ ነካሁት። አሁን ለሶላት እግሩን ታጥቦ፣ ውዱእ አድርጎ የገባ ሰው ጫማ ይመስል... እርጥብ ነበር።